የክሮቹ ስም ጥሪ

ባለፈው ወር ለኮሌጃችን የምሥረታ በዓል ሽር ጉድ ሲባል፣ ድሮ የሠራንባትን ሰርቨር ከመጋዘን አወጧትና አቧራዋን ጠርገው ለኤግዚቢሽኑ ሰኳት። ትነሣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እሷ ግን እንደ ልማዷ አጉረምርማ ተነሣች። ማራገቢያዋ መዞር ሲጀምር ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ፀሐይ ላይ የዋለ ብርድ ልብስና የተለበለበ ላስቲክ ሲደባለቁ የሚሸቱትን ዓይነት ነው። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ እዚያው በቆምኩበት ጉልበቴን ያላመመኝ፣ ጸጉሬ ያልሸበተ፣ ሰውን ሁሉ የማምን ወርቅነሽ ሆንኩ። ያን ዕለት ሽታው ደስ አለኝ። ዛሬ ቢሆን እኔም አፍንጫዬን እይዝ ነበር።

ያን ጊዜ የከተማችን ታችኛው ሰፈር ሲቀላ እንዲህ አልሰፋችም። ባጃጅ ገና መግባቱ ነበርና ሰው የሚሄድበት ሳይኖረው ለመሳፈሩ ሲል ብቻ ይሳፈር ነበር። ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ዳገቱን የሚወጣው ታክሲ ሁለት ብር ገባ ተብሎ የተነሣው ጩኸት አይረሳኝም፤ ያኔ በሁለት ብር ምን ይገዛ እንደነበር ዛሬ ለተማሪዎቼ ባወራ ይስቁብኛል። አደባባዩ ጥግ የነበረው ጭማቂ ቤት አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ሳይነካካ በየመደቡ የሚቀመጥበትን ስፕሪስ በሦስት ብር ይሸጥልን ነበር፤ ማንኪያው መሐሉ ላይ ተሰክቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሎሚ ጭመቅልን ስንለው ባለቤቱ ይቆጣል፤ ፍሬው ራሱ ይበቃል ባይ ነው። አጠገቡ ያለው ሙዚቃ ቤት ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመው ነበር። ዘፈኑ ስለ ከዳ ወዳጅ ነበር፤ እኛ ግን ለምቱ እንጂ ለግጥሙ ጆሮ አልነበረንም። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚወርድ የጂንስ ቀሚስና ጣቴን የሚያሰቃይ ሹል ጫማ አድርጌ፣ ከጫኖ ሙዝ የጫኑት አይሱዙዎች እያቦነኑብኝ፣ የዓለም ባለቤት መስዬ እሄድ ነበር።

አብሮኝ የሚሄደው ደስታ የሚባል ልጅ ነው። ባልደረባዬ ነበር ብል ይበቃ ነበር፤ እውነቱ ግን ወንድሜ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ፕሮግራም ጻፊ የምንባለው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ደስታ ዶርዜ ተወልዶ ያደገ የሸማኔ ልጅ ነው፤ በብርዱም በሙቀቱም አባቱ የሠሩለትን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዱንጉዛ ሻርፕ ከአንገቱ አያወልቅም። እኔ የሴቻ ልጅ ነኝ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን የመጡ፣ እናቴ የጨንቻ። እናቴ ጋሞኛውን ከእህቶቿ ጋር እንጂ ከእኛ ጋር አታወራም ነበርና፣ የእናቴን አገር ያወቅሁት ከደስታ ነው ማለት እችላለሁ።

ደስታ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የተማረው፤ ግን ከእኔ በላይ ያሳምረዋል፤ ለአለቃችን ደብዳቤ ስጽፍ የሚያርመኝ እሱ ነበር። ሲደነግጥ ብቻ ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል። አንድ ቀን አለቃችን ሳይታሰብ በሩን ከፍተው ገቡና የት እንደሄድኩ ጠየቁት። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር። ደስታ ብድግ ብሎ፣ «ወርቄ አሁን እዚህ ነበረ፤ መጣ፣ መጣ!» አላቸው። ስንት ጊዜ ሳቅንበት መሰላችሁ። ከዚያ ወዲህ ደስታ እኔን «አንተ» ካለ አንድ ነገር እንዳስደነገጠው አውቃለሁ። አውቃለሁ ብዬ ነበር የማምነው።

የሠራነው ፕሮግራም የተማሪዎች ምዝገባ ነው። አንድ ተማሪ መስኮቱ ጋ ቀርቦ ስሙ ሲገባ፣ ፕሮግራሙ ለእሱ ጉዳይ ብቻ አንድ ሠራተኛ ያሰማራለታል፤ በሙያችን ክር ይባላል። መስኮቱ ብዙ ስለሆነ ብዙ ክሮች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። «ይሄማ የአባቴ ሥራ ነው» ይለኝ ነበር ደስታ። «ክር በመብዛቱ ማንም አልተቸገረም፤ ችግሩ ሲያያዝ ነው።» የእኛዎቹ ክሮች የሚያያዙት ተመዝጋቢዎቹ የሚያድሩባቸው ባዶ አልጋዎች የተዘረዘሩበት ቦታ ላይ ነው። አንድ አልጋ ለሁለት ተማሪ እንዳይሰጥ፣ እዚያ ቦታ አንድ ክር ብቻ ይገባል፤ ሌሎቹ በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ለቦታው ስም ያወጣለት ደስታ ነው። ዱቡሻ አለው።

ዱቡሻ ጋሞዎች ተሰብስበው ጉዳያቸውን የሚጨርሱበት ሜዳ እንደሆነ በደፈናው አውቃለሁ። ደስታ ግን ሕጉን ነገረኝ። «አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ነው። ማንም አያቋርጥም። እዚያ ላይ ደግሞ አይዋሽም» አለኝ።

«ቢዋሽስ?»

«ጎሜ ነዋ! እናትሽ አልነገሩሽም? ነውሩ በሰውየው ብቻ አይቀርም፤ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይታመማል፣ ልጅ ይታመማል። አባቴ ገበያ ላይ ስለ ጋቢያቸው ስንት ነገር ይጨምራሉ፤ ዱቡሻ ላይ ግን አንዲት ቃል አትጨመርም።»

በጣም ወደድኩት። የፕሮግራሙንም ሕግ በዚያው ልክ አወጣን። ዱቡሻ የገባ ክር አልጋውን ይዞ ወዲያው ይወጣል። ሌላውን ጣጣ፣ ማን መቼ ተመዘገበ የሚለውን ዲስክ ላይ መጻፉን፣ ከወጣ በኋላ ያድርሰው፤ ዲስክ ላይ መጻፍ ቀርፋፋ ነውና ክሩ ዱቡሻውን እንደያዘ ቢጽፍ ሌላው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ያንን አንድ ሕግ ከጠበቅን የሚያስፈራን አልነበረም።

ያቺ ሰርቨር የመጣችው ያኔ ነው። አራት ኮር ነበራት፣ አራት ሥራ በአንድ ጊዜ የምትሠራ ማለት ነው። አለቃችን አራት እጥፍ ትፈጥናለች ብለው በየስብሰባው አወሩላት። ፕሮግራም ጊዜውን የት እንደሚፈጅ ለመለካት ዛሬ ሥዕል የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ይጫኑና ቀይና ቢጫ እያዩ ይፈርዳሉ። እኛ ያገኘነው መለኪያ የሚሠራውን ብቻ ይቆጥራል፤ ቆሞ የሚጠብቀውን ክር አያየውም። ስለዚህ እኔ ሌላ ዘዴ አወጣሁ። ፕሮግራሙን በመሐል በድንገት ቀጥ አደርገውና እያንዳንዱ ክር የት ላይ እንዳለ አያለሁ፤ ትንሽ ለቅቄው እንደገና አቆመዋለሁ። አንድ ክር ደጋግሞ አንድ ቦታ ከተገኘ ጊዜውን የሚፈጀው እዚያ ነው። ስም ጥሪ አልነው። ደስታ ከኋላዬ ቆሞ እንደ ክፍል አለቃ ድምፁን ያጎረንናል፤ እኔ በክሮቹ ፈንታ እመልሳለሁ።

«ሦስተኛ ክር!»

«አቤት! አልጋ ይዤ ወጥቻለሁ።»

«አምስተኛ!»

«ዲስክ ላይ እየጻፍኩ ነው፣ ውጭ ሆኜ።»

እንዲህ እየተጫወትን በሐሰተኛ ተማሪዎች ደጋግመን ሞከርነው። ፕሮግራሙ በረረ። ስንት ጊዜ ብንጠራ ዱቡሻው በር ላይ ተኮልኩሎ የተገኘ ክር የለም። ከሥራ ስንወጣ ጭማቂ ቤት ገብተን፣ እኔ የእሱን ፓፓያ፣ እሱ የእኔን ማንጎ እየጨለፍን፣ ስለ ምዝገባው ስናወራ እንቆይ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ አላገኘሁም።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ እንደሚላክ ተወራ። አለቃችን ለብቻዬ ጠርተው፣ «ምዝገባው በሰላም ይለቅ እንጂ ዕድሉ የአንቺ ነው» አሉኝ። ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። እናቴ ግን፣ «ሂጂ፣ አንቺንም ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ» ብላ ነገሩን ጨርሳው ነበር። ለደስታ የነገርኩት እኔው ነኝ። ከደስታ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል እንኳ የሁለታችንም አንድ ነበር።

የምዝገባው ዕለት ጠዋት ተማሪው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ከቢሮው በር እስከ ማንጎ ዛፎቹ ተሰልፏል። ፕሮግራሙ ተነሣ። ጥቂት ተማሪ እንደገባ መንፏቀቅ ጀመረ። ሰርቨሯን ሳያት ሥራ ፈታ ተቀምጣለች፤ ውጭ ያለው ሕዝብ በዚያ ፀሐይ ይጠበሳል፣ አራቱም ኮሮች ግን ባዶ ናቸው። ሥራ ሳይበዛበት የሚዘገይ ፕሮግራም አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። አለቃችን ከእንግዶቻቸው ጋር ከጀርባዬ ቆመው ሳለ ስም ጥሪ አደረግሁ። ሁሉም ዱቡሻው በር ላይ ናቸው። እንደገና ጠራሁ፤ አሁንም በር ላይ። ላቤ በጆሮ ግንዴ እየወረደ፣ ውስጥ ገብቶ የያዘው ምን እየሠራ እንደሆነ ላይ ስል፣ ደስታ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ቆይ ወርቄ፣ እኔ ልየው» ብሎ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ፈላለገና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ዲስክ ላይ የምትጽፈው መስመር ዱቡሻው ውስጥ ገብታለች።

«ወርቄ፣ እዚህ ጋ ረስተህ ነው» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ረስተህ!» እያሉ እንግዶቹ ተሳሳቁ፤ በዚያ ጭንቀት መሐል ለሁሉም እፎይታ ሆነላቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደስታ መስመሯን ወደ ውጭ አወጣት፣ ሰልፉ እንደ ውኃ መፍሰስ ጀመረ፣ አጨበጨቡለት። ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብዬ ለማሰብ እንኳ አልሞከርኩም። ዋዜማውን ያንኑ የፕሮግራሙን ክፍል ሳስተካክል መብራት ጠፍቶብኝ ነበርና፣ በጥድፊያ መስመሯን ያለ ቦታዋ ለጥፌያት ይሆናል አልኩ። እንደ ዛሬው ማን ምን እንደነካ የሚመዘግብ ነገር አልነበረንም። አለቃችንም ደግ ሰው ነበሩ፤ አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩኝ ዕድሉን ለደስታ ሰጡት። ከመሄዱ በፊት ሐይቁ ዳር ወስጄ አሳ ጋበዝኩት። ስላዳነኝ ማመስገኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም መጻፍ ተውኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ እጄን አላምነው አልኩ እንጂ። አንዲት መስመር በጻፍኩ ቁጥር ያ ሰልፍ ይታየኛል። ወደ ማስተማሩ ዞርኩ፣ ይኸው ጡረታዬ ደረሰ። በየዓመቱ ስለ ክሮች ሳስተምር ያችን ታሪክ እነግራለሁ። እኔ ዱቡሻውን ዘግቼ እንደሄድኩ፣ ጓደኛዬ እንዴት እንደከፈተው፣ «ረስተህ ነው» እንዳለኝ ጭምር። ከጋሞ ከፍታ የመጡት ልጆች ዱቡሻ የሚለውን ቃል እዚያ ቦታ ሲሰሙት ይፈነድቃሉ። ልጄ ራሷ ተማሪዬ ሆና ሰምታዋለች። ቤት ስንገባ፣ «እማዬ፣ ለምን ራስሽን በሰው ፊት ታዋርጃለሽ?» ብላኝ ነበር። ሰው ከስሕተቱ ይማራል ብዬ መለስኩላት።

ደስታ ለበዓሉ የክብር እንግዳ ሆኖ መጣ። ጸጉሩ ሄዷል፣ ቦርጭ መጥቷል፣ ሻርፑ ግን አለ። አባቱ የሠሩት አልነበረም፤ እሳቸው አርፈዋል። ግቢው መሐል ተቃቅፈን አለቀስን። አብራው የመጣችውን ባለቤቱን ሒሩትን አስተዋወቀኝ፤ ረጋ ያለች የአዲስ አበባ ሴት ናት። በዓሉ ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው ሁለቱን ይዤ እዚያው ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ያኔ ለሁለታችን አሳ የከፈልኩት ብር ዛሬ ለሎሚው አይበቃም። ደስታ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ እየጠቀሰ፣ እንዲህ ዓይነት አሳ የትም አልበላሁም ይላል። እኔም ሞቅ ብሎኝ ያችን የምዝገባ ታሪክ ለሒሩት ማውራት ጀመርኩ። «ረስተህ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ሒሩት ሳቀች። ደስታም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን ሌላ ነበር።

«ወርቄ! እስከ ዛሬ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብለሽ ነው የምታስቢው?»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኛ! መብራቱ ሲመለስ አንቺ ወጥተሽ ነበር። አንዲት መስመር ናት፣ ወደ ውስጥ አስገባኋት።» እጁን በናፕኪን ጠረገ። «ታውቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ። አውቀሽ የተውሽኝ ነበር የሚመስለኝ። አሳ የጋበዝሽኝ ለዚያ አይደል?»

ሒሩት እጇ ሰሀኑ ላይ እንዳለ ቀረ። «ደስታ፣ እንዲህ አድርገሃል?»

«ያኔ ልጆች ነበርን» አላት። ወደ እኔ ዞረ። «ሕፃን ይዘሽ አትሄጂም ብዬ ነው። ዕድሉ ከሚቃጠል ብዬ እንጂ ለክፋት አይደለም። ነገ አዳራሹ ውስጥ ስትናገሪ ግን የድሮውን ንገሪልኝ፤ ሰው ይወደዋል።»

ይህን ሁሉ ሲያወራ አንድም ቦታ ሴትና ወንድ አልተቀላቀለበትም። አልደነገጠም። «ረስተህ ነው» ያለኝ ዕለት ግን ደንግጦ ነበር። የሚሠራውን ያውቅ ነበርና አፉ አጋለጠው፤ ስሰማው የኖርኩትን ምልክት እኔ እንደ ቀልድ ሳቅሁበት። ምን እንደተሰማኝ ልደብቅ አልፈልግም፤ ተከዳሁ። የውጭ ትምህርቱ ቀርቶብኛል፣ እሱ ያልፋል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በራሴ እጅ ላይ እምነት አጥቼ ኖርኩ፣ እጄ ግን ምንም አላጠፋም። የእሱን ውሸት ደግሞ ደመወዝ እየተከፈለኝ በየዓመቱ ያስተማርኩለት እኔ ነኝ፤ የገዛ ልጄን ጭምር። ሒሳቡን እኔው ከፍዬ ወደ ሴቻ ወጣሁ። ታክሲው ዳገቱን ሲወጣ እንደ ወትሮዬ ዞር ብዬ ሐይቆቹን አላየሁም።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ደስታ ከአጠገባቸው፣ ሒሩት አጠገቡ። ተራዬ ሲደርስ ወጥቼ ታሪኩን ጀመርኩ። ሰልፉን፣ ሥራ የፈታችውን ሰርቨር፣ ስም ጥሪውን ነገርኳቸው። «ሁሉም ዱቡሻው በር ላይ ቆመዋል» አልኩ። «ውስጥ ሆኖ የያዘውን ግን እስከ ትናንት አላወቅሁትም ነበር። አሁን እዚህ አለ። ዱቡሻ ነውና ማንም አያቋርጠው፤ ራሱ ይናገር።» ወርጄ ማይኩን ለደስታ ሰጠሁት። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ሲባል ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ደስታ አየኝ። አንድ አፍታ፣ ያ የዶርዜው ልጅ፣ ወንድሜ፣ እውነቱን ሊያወጣት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ወርቄ፣ ምን... ምን ማለትህ ነው?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እንደ ያኔው። ሳቁም እንደ ያኔው አዳነው። ሲስቁ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ «አያችሁ? ወርቄ ሁሌም እንዲህ ናት፤ ጥፋቷን እንኳ እንግዳ ይንገርልኝ ትላለች» አለ። ከዚያ የድሮዋን ታሪክ ባማረ አማርኛ ነገራቸው፤ እኔ ከምነግራት አሳምሮ። ሒሩት አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ታያለች። ተነሥቼ «ውሸት ነው» ማለት እችል ነበር። እሱ ሲናገር ግን አላቋረጥኩትም፤ አታቋርጪ ብሎ ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲጨርስ ማይኩን ለእኔ አልመለሰውም፣ ለመድረክ መሪው ሰጠው። ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አትቀየሚኝ ወርቄ» አለኝ፣ ሴትነቴን መልሶልኝ። «ዱቡሻ እኮ አይደለም፣ አዳራሽ ነው።»

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ የደረሰው ክሮቹ ጋ ነበር። ሰሌዳው ላይ በሩን ሣልኩ፣ የሚጠብቁትን ክሮች ደረደርኩ። ቆመው የሚጠብቁትን ብቻ ቆጥራችሁ እንዳትመለሱ፣ ውስጥ ሆኖ የያዘውን ስሙን ጥሩ አልኳቸው። ታሪኩንም ነገርኳቸው፣ መብራቱ ጠፍቶ ከተመለሰበት ጀምሬ። ስጨርስ አንዷ የጨንቻ ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ማን ነበር የያዘው?»

ስሙን ከነአባቱ ጠራሁላት።